ሱሪ የዘገየበት ሠራዊት

ቀጨኔ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለሄርሜላ
ማልሞ፣ ስዊድን

በታላቅ የኃላፊነት ስሜት የሚከተለውን አስታውቅሻለሁ። አርባ ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ድረስ በሳጥን ውስጥ ራቁቱን ተኝቶ የኖረው ሠራዊት ባለፈው ሐሙስ ሱሪ መልበስ ጀምሯል። ሥነ ሥርዓቱ በሰላም ተጠናቋል። ከአንድ ከበሮ መቺ በቀር የተጎዳ የለም፤ የእሱም እግር የተሰበረው በጠላት ሳይሆን እኔ ስለተቀመጥኩበት ነው።

ይህን ካስታወቅሁ በኋላ ወደ ሰላምታዬ እመለሳለሁ። እንዴት ከርመሻል? የቀጨኔው መድኃኔ ዓለም ከብርድም ከባዳም ክፉ ይሰውርሽ፤ ያን አልቆ የማያልቅ ወረቀትሽን እንደ ቀልድ ያስፈርምልሽ። አጠገቤ አሜን የሚል ሰው ስላልነበረ ራሴው ብያለሁ።

ሠራዊቱን ታውቂዋለሽ። ልጅ ሆነሽ እኔ ቤት ስትመጪ «እንዳትነኪው» የተባልሽው፣ ከአልጋ ሥር ያለው ሳጥን ነው። በሰባ ዘጠኝ ዓ.ም. መሥሪያ ቤቴ ካርታ መሣል እንድማር ጀርመን አገር፣ ላይፕዚግ፣ ልኮኝ ሳለ የክረምት ጫማ ልገዛ ወጣሁ። ከጫማ ቤቱ አጠገብ ባለው ሱቅ መስኮት ግን ሁለት ጦር ተፋጦ ቆሟል፤ አንዱ የፈረንሳይ፣ አንዱ የፕሩስያ። ከቆርቆሮ የተሠሩ፣ ቁመታቸው ከጣቴ አንጓ እምብዛም የማያልፍ ወታደሮች ናቸው። እዚያ አገር ትልልቅ ሰዎች፣ ሚስትና ጡረታ ያላቸው ሰዎች፣ ያለፈ ጦርነት ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው እንደ ሉዶ ጠጠር እየጣሉ እንደገና ይዋጉታል። ያኔ የተሸነፈው አሁን ሊያሸንፍ ይችላል። ገባሁ፤ ሁለቱንም ጦር ያልተቀባውን ገዝቼ ወጣሁ። ሻጯ «ራስዎ ይቀቧቸዋል?» አለችኝ። «አዎ፣ የፊታችን እሑድ» አልኳት። ክረምቱንም በሸራ ጫማ ተወጣሁት።

ያ እሑድ እንግዲህ ሐሙስ ቀን ዋለ።

የቀለም አቅርቦታችን ከሸምሰዲን ሱቅ ነው። የፈረንሳዮቹ ሰማያዊ ኮት የጥፍር ቀለም መሆኑን ለጠላት እንዳትነግሪ። ያለኝ ብሩሽ ግን ከጫማ ብሩሽ ጋር የሥጋ ዝምድና አለው፤ ሱሪ ልቀባ ስነሣ ፈረሱንም ይዞ ይቀባል። አንቺ የጥርስ ቀቢ ስለሆንሽ ቀጭን ብሩሽ በሚመጣ ሰው ላኪልኝ።

ሌላም ነገር ጽፈሻል አሉ። «እናቴ ስልክ አታነሣም» ብለሽ ሸምሰዲንን ጠይቀሽዋል። እናትሽ ደህና ናት፤ የተበላሸው ስልኳ ነው። ይህን በሩቁ ሰማሁ።

ደብዳቤውን ሸምሰዲን እንደ ልማዱ በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ይልክልሻል። በስልክ አትደውዪልኝ፤ ጆሮዬ ሰሞኑን ፈቃድ ወጥቷል።

አጎትሽ ታረቀኝ
የሁለቱም ጦር ዋና አዛዥ

* * *

ማልሞ፣ ጥቅምት 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩት የሁለት ጦር አዛዥ፣ ለጋሼ ታረቀኝ

ጤናዎ እንዴት ነው? ጆሮዎስ ከፈቃድ ተመለሰ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ለሠራዊቱ ሱሪ እንኳን ደስ አለዎት፤ ለከበሮ መቺው ደግሞ እግዚአብሔር ይማረው።

ብሩሽ እልካለሁ። እስከዚያው የሙያ ምክር ልለግስዎት። እኔ እዚህ ላቦራቶሪ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ ስቀባ ነው የምውለው። ሰው ነጭ አንድ ይመስለዋል፤ የሲጋራ አጫሽ ነጭ አለ፣ የአሮጊት ነጭ አለ፣ የውሸታም ነጭ አለ። ምስጢሩ ቀለሙን ማቅጠን ነው። ስስ አድርገው ይቀቡ፣ ይድረቅ፣ ደግመው ይቀቡ። በአንድ ጊዜ ወፍራም ከጫኑበት ፊቱ ይጠፋል፤ ወታደሩ ቀለም ብቻ ሆኖ ይቀራል።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። እናቴ ደህና ናት ብለዋል። ጋሼ፣ እርስዎ የእናቴን ወሬ ማወቅ የጀመሩት ከመቼ ወዲህ ነው?

ለወቀሳ አይደለም የማነሣው። ግን ወንድማችሁ ጋሽ ኪሩ ድሬዳዋ ያረፉ ጊዜ እርስዎ ዓርብ ሰሙ። እናቴ ያን ቅዳሜና እሑድ ቁስቋም የጎረቤት ልጅ ስትዳር ሰርገኛ ፊት ቆማ እያጨበጨበች ታዜም ነበር። እርስዎ «ሰርጉ ይለፍ፣ ሽማግሌ ይሰብሰብ፣ መርዶ በሥርዓቱ ነው የሚነገረው» ብለው ሰኞ ንጋት ላይ በሯን አንኳኩ። ወንድሟ ተቀብሯል። የእጇ እንሶስላ ገና አልለቀቀም። በዚያ በቀላ እጅ ደረቷን ስትመታ አይቻለሁ፤ እርስዎም አይተዋል። ከዚያ ወዲህ ይኸው ሰባት ዓመት እሷ ቀጨኔ አትወርድም፣ እርስዎ ቁስቋም አይወጡም።

እንዲህ ስለሆነ ነው በእኛ ቤት «ደህና ናት» ሲባል ጥቁር ልብሴ የት እንዳለ የማስታውሰው።

የቁስቋም ጎረቤቶቻችንን ሁሉ ደውዬ ጠይቄአለሁ። ሁሉም «ደህና ናት፣ ስልኳ ነው» ይላሉ። አንድ ዐረፍተ ነገር ሰፈሩ ሁሉ ተከፋፍሎ የሚያወራ ነው የሚመስለው።

ሁኔታዬን ያውቁታል። የመኖሪያ ፈቃዴ ውሳኔ እስኪያገኝ ከዚህ አገር ብወጣ ፋይሉ ይዘጋል፤ ስድስት ዓመቴ አብሮት ይሄዳል። ቢሆንም እናቴ ታማ ከሆነ እመጣለሁ። ይህን የምወስነው እኔ ነኝ። እንድወስን ግን መጀመሪያ የሚነግረኝ ሰው ያስፈልገኛል።

አክባሪዎ
ሄርሜላ

* * *

ቀጨኔ፣ ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሄርሜላ

ቅድስት ማርያም ከልጇ አማልዳ በሰላም ታኑርሽ፤ ለጻፍሽው ሁሉ ደግሞ ትዕግሥት ትስጠኝ። መልሴ የዘገየው ግንባሩ ስለሰፋ ነው።

አስቀድሜ ስለ ሥርዓት። መርዶ በር ላይ ተቁሞ እንደ መብራት ቢል አይሰጥም። ቆሞ የሰማ ሰው ይወድቃል። ተቀምጦ፣ ዘመድ ከቦት፣ ፊቱን የሚያብስለት ሰው ተዘጋጅቶ ነው። አባቶቻችን እንዲህ ያደረጉት ሥራ ፈተው አይደለም። ወንድሜ ለመሞት ሰርግ ጠብቆ እንደሆነ እሱን ጠይቂ፤ እኔ ያን ቀን አልመረጥኩለትም። በዚህ ጉዳይ መግለጫዬ ይኸው ነው፤ ጥያቄ አልቀበልም።

እናትሽን በተመለከተ፣ ጠበል ገብታለች። እንጦጦ ላይ። ሱባኤ ስለያዘች እዚያ ስልክ አይገባም።

ወደ ጦሩ እንመለስ። የሰማያዊው ጉዳይ ቀውስ ላይ ነው። የበላይ አካል የጥፍር ቀለም ከልክሎኛል። ሽታው ሰው ያሳምማል ተባለ። አንዲት ነጭ ለባሽ ኃላፊ መጥታ ጠርሙሱን ከእጄ ተቀብላ ክዳኑን ገጥማ «አባቴ፣ ይህ እዚህ አይሆንም» አለችኝ። በጦር ሕግ ብትጠየቅ የሚያስቀጣት ነበር፤ ግን መብቱ የእሷ ነው። ስለዚህ ሽታ የሌለው፣ በውሃ የሚቀጥን ቀለም ያስፈልገኛል።

ምክርሽን ሠርቼበታለሁ። ስስ እያደረግሁ ስደጋግም አንድ ጥይት ያዥ ፊት አወጣ። ከንፈር አለው ለካ! ይህን ሁሉ ዓመት ከንፈሩን ነክሶ ነው የቆየው።

የሕዝቡን ስሜት ልንገርሽ። ቡርቱካን የምትባል ጎረቤት አለችን፤ እናቷን የምታስታምም ደግ ሰው። ትላንት ጎንበስ ብላ አየቻቸውና «ጋሼ፣ የእኛዎቹ የትኞቹ ናቸው?» አለችኝ።

«የእኛ የለንበትም። ፈረንሳይና ፕሩስያ ናቸው።»

«እሺ፣ ግን የእኛዎቹ የትኞቹ ናቸው?»

«የእኔ ልጅ፣ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የሆነ ጦርነት ነው፤ እኛን ማንም አልጠራንም።»

«ታዲያ ለየትኛው ዱዓ እናድርግ?» ብላ ተጨነቀች። ኋላ ነጭ ሱሪ አማራትና ፈረንሳይ ሆነች። እናቷ ልጇን ለመቃወም ብለው ፕሩስያ ሆኑ። እስከ ማታ ድረስ የፕሩስያ ደጋፊዎች ለፈረንሳይ ሰዎች ብርቱካን አናካፍልም ብለው አረፉት። እንግዲህ እኔ ሱሪ ብቻ ነው የቀባሁት።

በሚመጣው ሰው ከብሩሹና ከቀለሙ ጋር በባትሪ የሚሠራ የደም ግፊት መለኪያና፣ ካበጠ እግር ላይ የማይጠብቅ ለስላሳ ነጠላ ጫማ ጨምሪልኝ። ቁጥሩ ሠላሳ ስምንት ነው።

አጎትሽ ታረቀኝ

* * *

ማልሞ፣ ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለጋሼ ታረቀኝ

ጤና ይስጥልኝ። ፈረንሳይም ፕሩስያም ብርቱካናቸውን በሰላም ይብሉ።

ስልኳ ተበላሽቷል ብለውኝ ነበር። አሁን ደግሞ ጠበል ላይ ስልክ አይገባም አሉኝ። የተበላሸ ስልክ ጠበል ቢገባ ማን ይከለክለዋል? እባክዎ አንዱን ይምረጡና በአንዱ ይጽኑ። ሁለት ሲሆኑ እርስ በርሳቸው ይጣላሉ።

እርስዎ ጫማ የሚያደርጉት አርባ ሦስት ነው። ልጅ ሆኜ ጫማዎን ታንኳ እያደረግሁ ሽንብራ እጭንበት ነበር፤ የሚረሳኝ እግር አይደለም። ሠላሳ ስምንት ቁጥር ማን ነው? ጄኔራሉ ናቸው እንዳይሉኝ፤ ጄኔራሉ ፈረስ ላይ ናቸው።

ግፊትዎንስ ከመቼ ጀምሮ ነው የሚለኩት? እርስዎ ሐኪም ሲያዩ መንገድ የሚሻገሩ ሰው ነዎት።

የጠየቁትን ሁሉ የሥራ ጓደኛዬ ሰምሀል ይዛላችሁ ትመጣለች። በሚቀጥለው ሳምንት ትገባለች። የእርስዎን ሸምሰዲን ሱቅ ታስቀምጣለች። ለእናቴም ሹራብ ልኬአለሁ፤ እሱን ግን ቁስቋም ድረስ ወጥታ በእጇ ካላስረከበቻት እንዳትመለስ ብያታለሁ።

ጋሼ፣ እኔ ሰርግ ላይ አይደለሁም። ተቀምጫለሁ። የሚያብስልኝ ሰው ባይኖርም ፎጣ አለኝ። ይንገሩኝ።

ሄርሜላ

* * *

ቀጨኔ፣ ታኅሣሥ 1 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሄርሜላ

የላክሽው ዕቃ በሰላም ደርሷል፤ አምላክ እጅሽን ከመስጠት አያጉድለው። ብሩሹ ተአምር ነው። የኮት ቁልፍ ብቻውን ይቀባል፤ እኔ ቁልፍ እንዳላቸውም አላውቅም ነበር። ጫማውም ልክ ሆኗል። ለእንግዳ ነው። እንግዳ ማለት አንዳንድ ጊዜ ሠላሳ ስምንት ቁጥር ነው።

አሁን የማጫውትሽ ከባድ የሃይማኖት ጉዳይ ነው።

ሰውነታቸው አለቀና ዓይን ላይ ደረስን። እጄ እምቢ አለ። አንዱን ፈረሰኛ ሳልፈልግ ሸውራራ አደረግሁት። ስለዚህ ቤዛብሕን ለመንኩት። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የሚሥለው፣ ከቤቴ በታች ያለው ቤዛብሕ። ሊጠይቀን በመጣበት ብሩሹን አቀበልኩት። አፉን ጠርጎ፣ እጁን ታጥቦ፣ ወታደሮቹን በሁለት ረድፍ አቆማቸው። ከዚያ ብሩሹን አንሥቶ ቆመ።

«ምነው?» አልኩት።

«ኃጥአኑ የትኞቹ ናቸው?»

እሱ ምን ያድርግ? ተምሮ ያደገው እንደዚያ ነው። ጻድቅ ፊቱን ሙሉ ሰጥቶ በሁለት ዓይን ይሣላል፤ ኃጥእና ከሓዲ በጎን ዞሮ አንድ ዓይን ብቻ ይቀርለታል። አርባ ዓመት ሙሉ አንድም ሰይጣን በሁለት ዓይን አላሳየንም።

«ኃጥአን የሉም። ፈረንሳይና ፕሩስያ ናቸው» አልኩት።

«ጋሽ ታረቀኝ፣ ሁለት ጦር ተፋጦ ቆሞ ጻድቅም ኃጥእም ከሌለበት፣ ምን አጣላቸው?»

ላይፕዚግ ያስተማሩኝ ካርታ ነው። ጉዳዩ ለጠቅላላ ጉባኤ ቀረበ። ቡርቱካን «ፕሩስያዎቹን አንድ ዓይን አስቀሯቸው» አለች። እናቷ ተቆጡ፤ «አንቺ ልጅ፣ ለመተኮስማ አንድ ዓይን ይበቃል፤ ጭራሽ አልሞ ተኳሽ ልታደርጊያቸው ነው?» ቤዛብሕ ደግሞ ዕጣ እንጣል አለ። ይህን ጊዜ እናትሽ ከት ብላ ሳቀች። ሳቋ ሲያስላት ቆየና «ለሁሉም ሁለት ሁለት ዓይን ስጧቸው» አለች። «ሰው የሚገድለውን ሰው ማየት አለበት። አይቶ ከገደለ የራሱ ጉዳይ ነው።»

ቤዛብሕ «ይህማ ከሊቃውንት አፍ የሚወጣ ነው» ብሎ ቀባ። አሁን ሁሉም ያያሉ። ሁሉም አፍጥጠው ነው የሚያዩት፤ በአንድ ጊዜ ከእንቅልፍ የተቀሰቀሱ ነው የሚመስሉት። አንቺም ብታዪያቸው ትስቂ ነበር።

ገንዘብ አትላኪ፤ ሹራብም አትላኪ። ወሬሽን ብቻ ላኪ፤ ወረቀትሽ ምን ደረሰ? በየቀኑ እንጠይቃለን።

አጎትሽ ታረቀኝ

* * *

ማልሞ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

ታረቀኝ፣

«እርስዎ» ለማለት ዛሬ ትዕግሥት የለኝም። ነገ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

እናቴ ሳቀች አልክ። ሳቋ አሳላት አልክ። ወታደሮቹ አንተ ዘንድ ናቸው። እናቴ ሰማይ ቢደፋ አንተ ቤት አትገባም። አንተ ደግሞ ወታደር በሳጥን ተሸክመህ ቁስቋም አትወጣም፤ ብትወጣም ቤቷ ተቆልፏል። ሰምሀል ሁለት ጊዜ ሄዳ የበሩን ቁልፍ በፎቶ ልካልኛለች። ከጎረቤት አንዲቷ «ጠበል ናት» ብላ መሬት መሬት አየች።

ስለዚህ እናንተ ሁለታችሁ የእሷም የአንተም ባልሆነ በአንድ ሦስተኛ ቦታ አብራችሁ ናችሁ። ሰው የሚያስታምም ጎረቤት አለ። ነጭ ለብሳ ሽታ የምትከለክል ሴት አለች። ሊጠይቃችሁ ሰው ይመጣል። ግፊት ይለካል፣ እግር ያብጣል፣ ብርቱካን ይላጣል።

ቦታውን ስሙን ጥራልኝ።

ሰባት ዓመት ሙሉ እናቴ ስለ አንተ አንድ ነገር ብቻ ነው የነገረችኝ። «ኪሩ በመሞቱ አይደለም የተቀየምኩት፤ ስዘፍን ስላየኝ ነው» ብላኛለች። እኔም እዚህ ጥርስ እየቀባሁ አዜማለሁ ጋሼ። የሥራ ልማድ ነው። ሳዜም እያየኸኝ ነው?

ሄርሜላ

* * *

ጉለሌ፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሄርሚዬ፣

እናትሽ በሕይወት አለች። ሰላምታው ከዚህ በኋላ ይምጣ።

ደብዳቤሽን ሸምሰዲን ሱቅ በር ላይ ቆሜ አነበብኩት። ቆሞ የሰማ ይወድቃል ያልኩሽ እውነት ነው፤ ሸምሰዲን የለስላሳ ሳጥን አቀረበልኝ። ከዚያም «ጋሼ፣ ከዛሬ ጀምሮ ፎቶ የማነሣው እውነት ከሆነ ብቻ ነው» አለኝ። ስኳር ሲመዝን እንኳ እንደዚህ ጠንክሮ አያውቅም።

ሦስተኛው ቦታ ጳውሎስ ሆስፒታል ነው። ልቧ ደክሟል። የገባችው በጥቅምት መጀመሪያ ነው። ሌሊት መተንፈስ አቅቷት ጎረቤት በታክሲ አወረዳት፤ ከመካከላቸው አንዱ ለሸምሰዲን ደወለ፣ ሸምሰዲን በሬን መታ። ስደርስ አፏ ላይ ያደረጉላትን ነገር በእጇ ገለጥ አድርጋ አየችኝ።

«ማን ነገረህ?» አለችኝ። በሰባት ዓመት የመጀመሪያው ቃሏ ነው።

«ሸምሰዲን።»

«መቼ?»

«አሁን። እንደሰማ።»

«አንተ ታድለሃል» አለችና ዞረች።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ሄጄ እቀመጣለሁ፤ ጣራውን ታያለች፤ እኔ ወለሉን አያለሁ። የተጣላ ሰው ቢያንስ ስድብ አለው፤ እኛ እሱንም ጨርሰን ነበር። በስንተኛው ቀን እንደሆነ እንጃ፣ እጄ የሚሠራው ቢያገኝ ብዬ ሳጥኑን ከአልጋ ሥር ጎተትኩት። አልጋዋ ጎን ተቀምጬ አንዱን ሱሪ ስቀባ ከጎን ስታየኝ ቆየችና «ጠበበው» አለች። «ምኑ?» አልኳት። «ሱሪው ነዋ፤ እንዴት ብሎ ፈረስ ሊወጣበት ነው?» እንዲህ ነው የተጀመረው። ቡርቱካን ያልኩሽ በሚቀጥለው አልጋ ያሉትን እናቷን የምታስታምመዋ ናት። ነጭ ለባሿ ኃላፊ ነርስ ናት። እናትሽ መሀል ላይ ተሽሏት ወጥታ ነበር፤ ያ ዳገት አልሆናት ብሎ በሳምንቱ ተመለሰች።

ለአንቺ እንዳይነገር ያዘዘችው እሷ ናት። «ወረቀቷ ሳያልቅ ለሄርሜላ የነገረ ሰው እኔንም ከኪሩ ጋር ይቁጠረኝ» አለች። ሰፈሩ ማለ። ደብዳቤውን እኔ እንድጽፍ የተመደብኩት በዘርፉ ልምድ አለው ተብዬ ነው። ሳቂ፤ እኔ ያን ዕለት አልሳቅሁም።

ትላንት የአንቺን ደብዳቤ አልጋዋ ጎን ቁጭ ብዬ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። «ሳዜም እያየኸኝ ነው» የሚለው ላይ ስደርስ ወደ ላይኛው መስመር ተመለስኩ። ደግሜ ጀመርኩት።

«ጨረስክ?» አለች።

«ጨረስኩ። እነግራታለሁ፣ እቴቴ።»

«ንገራት ብዬሃለሁ?»

«አላልሽም።»

«ታዲያ?»

«አንቺ ሰባት ዓመት ቆየሽብኝ። ይህች ልጅ ካንቺ ትብሳለች፤ እኔ ደግሞ ለሌላ ሰባት ዓመት ጊዜ የለኝም።»

ወደ ግድግዳው ዞረች። ቡርቱካን የእናቷን ፀጉር ታበጥር ነበር፤ እጇን አቆመች። እኔም ወታደሮቼን ሰብስቤ ወጣሁ። እንደገና ያጣኋት መስሎኝ ነበር፤ ቀጨኔ ድረስ በእግሬ ነው የሄድኩት።

ዛሬ ጠዋት ስገባ ነጠላዋን አስተካክላ፣ የላክሽላትን ሹራብ ደርባ ተቀምጣለች። ሹራቡን ሰምሀል ለሸምሰዲን ትታለት ነበር። ትራሷ ሥር እጇን ሰዳ ስልኳን አወጣችና ሰጠችኝ። «ቻርጅ አድርገው» አለች። ሌላ ምንም አልተናገረችም።

ሐኪሙ «መድኃኒቱ ይዟታል፤ እስከ መቼ እንደሚይዛት ግን አልዋሻችሁም» ብሎናል። በዚህ ጉዳይ የማይዋሽ ሰው ስናይ የመጀመሪያችን ስለሆነ ሁላችንም ደነገጥን። ትመጪ እንደሆነ ነይ፤ ትቀሪም እንደሆነ ቅሪ። ወረቀቱ ያንቺ ነው፣ እናትም ያንቺ ናት። እኔ የፈረንሳይና የፕሩስያ አዛዥ ነኝ፤ አንቺን አላዝም።

ጤናሽን መድኃኔ ዓለም ይጠብቅ። ዛሬ አሜን ያለችው እሷ ናት።

አጎትሽ ታረቀኝ

እርማት፦ ከዚህ ጽሕፈት ቤት ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም. በወጣው ደብዳቤ «እናትሽ ደህና ናት፤ የተበላሸው ስልኳ ነው» የሚል መግለጫ መሰጠቱ ይታወሳል። መግለጫው ስሕተት ሆኖ ስለተገኘ እንደሚከተለው ታርሞ እንዲነበብ እናሳስባለን፦ ስልኩ ደህና ነው። ዛሬ ከቀኑ በአሥር ሰዓት ይከፈታል፤ የምታነሣውም ራሷ ናት።